የሚበላውን ብቻ ማደን፦ በጦር ዓሣ ለሚያድኑ አንባቢ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦

“ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ትንፋሼን ይዤ እየጠለቅሁ፣ ቃታ ሲሳብ በላስቲክ በሚወነጨፍ ጦር ዓሣ ማደን ከጀመርሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የምወጣው ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ነው። ባለንበት አካባቢ ሕጉ ለአንድ ሰው በቀን የተወሰነ ቁጥር ይፈቅዳል፤ እኛም ያ ቁጥር እስኪሞላ ድረስ ከውሃ አንወጣም። ባለፈው ወር ባለቤቴ ፍሪዘሩን ስታጸዳ በረዶ የጋገረበትና መልኩ የጠፋ ብዙ ዓሣ አውጥታ ጣለችና ‘ይህን ሁሉ የገደልኸው ለማን ነው?’ አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። በዚያው ሰሞን አንድ ትልቅ ግሩፐር ወግቼ ከነቁስሉ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ጠፋብኝ፤ እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም። ከጓደኞቼ አንዱ ‘ሕግ እስካልጣስን ድረስ ጥፋት የለብንም፤ ባሕሩን የሚጨርሱት በመረብ የሚጠርጉት ትልልቅ መርከቦች ናቸው’ ይለኛል። ማደኑን እወደዋለሁ። መተው አለብኝ? ካልተውሁስ ልኩ የት ላይ ነው?”

መልስ፦

ውድ ጠያቂ፣

ማደኑን የግድ መተው አለብዎት ብዬ አላምንም። ዓሣ የሚበላ ሰው ዓሣውን በገዛ እጁ ቢይዝ፣ ሌላ ሰው ይዞ ካመጣለት የባሰ በደል አልፈጸመም። ይሁን እንጂ እስካሁን እንደ ልክ አድርገው የያዙት ነገር፣ ማለትም ሕጉ የሚፈቅደው የዕለት ቁጥር፣ የእርስዎ ልክ ሊሆን አይችልም። ልኩ መወሰን ያለበት ውሃ ውስጥ ሳይሆን ገና ከቤት ሳይወጡ፣ ዓሣውን ማን እንደሚበላውና መቼ እንደሚበላው ታውቆ ነው። ከዚህ ጋር አያይዤ የምለው አለኝ፤ “የምበላውን ብቻ እይዛለሁ” የሚለው ደንብ ትክክል ቢሆንም ስንት የሚለውን እንጂ የትኛውን የሚለውን ጥያቄ አይመልስም፤ በጦር ለሚያድን ሰው ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው የሚያንስ አይደለም።

በጦር ለሚያድን ሰው ነገሩ ለምን የተለየ እንደሚሆን ላስረዳ። መረብ የሚጥል ሰው ምን እንደሚገባለት አስቀድሞ ስለማያውቅ የሚመርጠው ከያዘ በኋላ ነው። መንጠቆ የሚጥለውም ያልፈለገው ወይም ከተፈቀደው መጠን ያነሰ ዓሣ ቢወጣለት፣ በጥንቃቄ ካላቀቀው ብዙውን ጊዜ በሕይወት ሊመልሰው ይችላል። እርስዎ ግን ዓሣውን ፊት ለፊት እያዩት፣ ዓይነቱንና መጠኑን ለይተው፣ ብቻውን ይሁን ከመንጋው ጋር ተመልክተው ነው ቃታ የሚስቡት። በዚህ ረገድ ጦር ከብዙዎቹ የማስገሪያ መሣሪያዎች የተሻለ ነው፤ ያልታሰበ ፍጡር አይጠልፍም፣ ተቆርጦ ባሕር ውስጥ እንደቀረ መረብም ባለቤት ሳይኖረው ለረጅም ጊዜ ሲገድል አይኖርም። በአንጻሩ ጦሩ ከተለቀቀ በኋላ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ትንሽ ነው ብለው ቢጸጸቱ፣ የተከለከለው ዓይነት መሆኑን ዘግይተው ቢያውቁ፣ ወይም የዕለቱ ፍላጎትዎ መሙላቱን ቢያስታውሱ የተወጋው ዓሣ አይድንም። ምርጫው በሙሉ ከምቱ በፊት ስለሆነ ኃላፊነቱም በሙሉ እዚያው ላይ ያርፋል።

ጓደኛዎ ሕግን ማክበራቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ ብዙ ሰው ይህንንም አያደርግም። የዕለት ጣሪያ የሚደነገገው ግን በአንድ አካባቢ የሚያሰግሩ ሰዎች ሁሉ በድምር የሚወስዱት ከሀብቱ አቅም እንዳያልፍ ነው። ደንቡን ያወጣው አካል የእርስዎን ፍሪዘር አያውቅም፤ ቤትዎ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ፣ በወር ስንት ጊዜ እንደሚወጡም አያውቅም። ቁጥሩ ከዚህ አትለፉ ይላል እንጂ እዚህ ሳትደርሱ አትመለሱ አይልም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ1995 የተቀበሉትና በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተው ኃላፊነት የተሞላበት የዓሣ ማስገር ሥነ ምግባር ደንብም፣ የማስገር መብት በኃላፊነት የማስገርን ግዴታ ይዞ እንደሚመጣ ያስቀምጣል። ሦስት ጓደኛሞች ጣሪያውን ግብ ሲያደርጉት የሚሆነውን ከደብዳቤዎ መረዳት ይቻላል፤ ቀኑ ሞላ ወይስ አልሞላ በሚል መለካት ይጀምራል፣ ለማዕድ የሚበቃው ከተያዘ በኋላ ያለው ሰዓትም ለቁጥር ሲባል ብቻ የሚደረግ ግድያ ይሆናል። ቃሉ ይከብዳል፤ ነገር ግን ባለቤትዎም የተጠቀሙት ይህንኑ ቃል ነው፣ በቦታው የዋለ ቃል ይመስለኛል።

እንግዲህ ልኩ በተግባር እንዴት እንደሚገኝ እንመልከት። ከአንድ ሙሉ ዓሣ የሚወጣው አጥንት የሌለው ሥጋ እንደ ዓይነቱ ቢለያይም፣ ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ35 እስከ 45 በመቶ የሚሆነው ነው። ለአንድ ሰው ለአንድ ማዕድ 200 ግራም ንጹሕ ሥጋ ቢታሰብ ለአራት ሰዎች 800 ግራም ይበቃል፤ ይህም በግምት 2 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ዓሣ ማለት ነው። ጭንቅላቱንና አጥንቱን ቀቅሎ መረቁን የሚጠቀም ቤተሰብ ከዚያው ዓሣ ሌላ ማዕድ ያገኛል። ስለዚህ እስከሚቀጥለው መውጫዎ ድረስ ሁለት ጊዜ ዓሣ የምትበሉ ከሆነ፣ የዕለቱ ልክዎ እንዲህ ያለ መጠን ያላቸው ሁለት ዓሦች ናቸው፤ ሦስተኛው ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት የሚጠበቀው ከእርስዎ ነው። ይህን ቁጥር ከመውጣትዎ በፊት ለጓደኞችዎ በግልጽ ይንገሯቸው። ሰው ወጥ ቤት ቆሞ የሚያስበውና ትንፋሹን ይዞ ዓሣ ፊት ለፊቱ ሲያልፍ የሚያስበው አንድ አይደለም፤ ውሃ ውስጥ ዓይን ከሆድ ይቀድማል፣ የተነገረ ቁጥር ግን እዚያም ተከትሎ ይመጣል።

ስለ ፍሪዘሩ ጥቂት ልጨምር። ማስቀመጥ በራሱ ነውር አይደለም፤ ባሕሩ ለሳምንታት የማያስገባበት ወቅት አለ። ሆኖም ቅባት የበዛባቸው እንደ ማኬሬል ያሉ ዓሦች በቤት ፍሪዘር ውስጥ ጣዕማቸውን ይዘው የሚቆዩት ከ2 እስከ 3 ወር ያህል ሲሆን፣ ሥጋቸው ነጭና ቅባታቸው ያነሰው ደግሞ እስከ 6 ወይም 8 ወር ይሄዳሉ፤ ያውም አየር እንዳይነካቸው ተጠቅልለው፣ ዓይነታቸውና የተያዙበት ቀን ተጽፎባቸው ነው። ቀን ያልተጻፈበት ዓሣ ሁልጊዜ ከአዲሱ ሥር እየተቀበረ ይሄዳል። እኔ የምመክርዎት፣ ከዚህ ቀደም የተያዘ ዓሣ ፍሪዘሩ ውስጥ እስካለ ድረስ ጦሩን ይዘው እንዳይወጡ ነው። መጥለቁ ከናፈቀዎት ጦሩን ትተው ይጥለቁ።

ስጦታም የራሱ ጥያቄ አለው። ዓሣ ለጎረቤትና ለዘመድ መስጠት መልካም ነገር ነው፤ መብላት ሲባልም የራስን ሆድ ብቻ ማለት አይደለም። ነገር ግን አስቀድሞ “ለእናቴ አንድ፣ ለጎረቤቴ አንድ” ተብሎ፣ ተቀባዩም እሺ ብሎ የተያዘ ዓሣ ሌላ ነው፤ ከተትረፈረፈ በኋላ ተቀባይ የሚፈለግለት ዓሣ ደግሞ ሌላ ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የእኛን ትርፍ ወደ ሌላ ሰው ፍሪዘር ማዛወር ብቻ ይሆንና እዚያም ይጣላል። ለመዝናኛ የተያዘን ዓሣ መሸጥ ደግሞ በብዙ አገሮች በሕግ የተከለከለ ስለሆነ የትርፉ ማራገፊያ ሊሆን አይገባም።

አሁን የትኛውን ወደሚለው ጥያቄ ልለፍ። ይህን ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው እሱ በመሆኑ ነው። አብዛኛው ደንብ ትንሹን ዓሣ ይጠብቃል፤ ከዚህ መጠን ያነሰ አይያዝ ይላል፤ ሰው ሁሉ ደግሞ ትልቁን መያዝ ጀግንነትም ጨዋነትም ይመስለዋል። እውነታው ግን የተወሳሰበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ በበርካታ የባሕር ዓሣ ዝርያዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ሴት ዓሣ ክብደቷ በጨመረ ቁጥር የምትጥለው ዕንቁላል ክብደቷ ከጨመረበት መጠን በላይ ይጨምራል። ለምሳሌ 30 ኪሎ ግራም የምትመዝን አንዲት የአትላንቲክ ኮድ ዓሣ እያንዳንዳቸው 2 ኪሎ ግራም ከሚመዝኑ 28 ሴቶች በድምር ከሚጥሉት የበለጠ ዕንቁላል ትጥላለች፤ እነዚያ 28ቱ ግን በአንድነት 56 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። ስለዚህ “አንድ ትልቅ መያዝ ከብዙ ትንንሽ ይሻላል” የሚለው የተለመደ አነጋገር ሁልጊዜ አይሠራም። ትልቋን መርጦ መውጋት ከበረቱ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምትወልደውን ላም መርጦ እንደ ማረድ ነው።

የጠፋብዎት ግሩፐር ደግሞ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ዓይነት ነው። ብዙዎቹ የግሩፐር ዝርያዎች ሕይወታቸውን በሴትነት ጀምረው፣ ዓመታት ከቆዩና ከገዘፉ በኋላ ወደ ወንድነት የሚለወጡ ናቸው። እንዲህ ባለ ዝርያ ውስጥ ትልልቆቹን እየመረጡ ማንሳት ወንዶቹን ማንሳት ነው፤ የቀሩት ሴቶች ዕንቁላላቸውን የሚያዳብርላቸው ያንሳል። በሜዲትራኒያን የሚገኘው ቡናማው ግሩፐር ከ50 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል፣ አንድ ዋሻ ይዞ የሚቀመጥ፣ ጠላቂን ሲያይም ከመሸሽ ይልቅ አፋፉ ላይ ቆሞ የሚመለከት ዓሣ ነው። ይህ ጠባዩ ለጦር አጋለጠውና በብዙ ዳርቻዎች እየጠፋ ሄደ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1993 በሜዲትራኒያን ዳርቻዋ ግሩፐርን በጦር ማደንን ካገደች በኋላ ቁጥሩ ቀስ በቀስ አገግሟል። ማገገሙ ተስፋ የሚሰጥ ቢሆንም ዓመታት የወሰደ ነገር ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ የተነሳ ትልቅ ዓሣ ቦታውን የሚተካለት ለማግኘት ብዙ ጊዜ ያስፈልገዋል።

የዋህነታቸው ጠንቅ የሆነባቸው ሌሎችም አሉ። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ሰማያዊ ግሮፐር የሚባለውን፣ ጠላቂን እየተከተለ የሚዋኝ ዓሣ፣ በጦር ማደን እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ተከልክሏል። እንዲህ ያለውን ዓሣ ለመውጋት ችሎታም ትዕግሥትም አያስፈልግም፤ ሕግ በማይከለክልበት ቦታ እንኳ ቀርቦ የሚያይዎትን ዓሣ ቢተዉት እመርጣለሁ። ለመራባት በአንድ ቦታ የተሰበሰበ መንጋንም እንዲሁ። ናሶ ግሩፐር የተባለው የካሪቢያን ዓሣ በቀዝቃዛዎቹ ወራት ሙሉ ጨረቃ በሚሆንበት ሰሞን በታወቁ ቦታዎች በብዛት እየተሰበሰበ ዕንቁላል የሚጥል በመሆኑ፣ አስጋሪዎች ቦታውንና ጊዜውን አውቀው ስለጠበቁት ዛሬ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች መካከል ተመዝግቧል። ውሃው ውስጥ ገብተው ከወትሮው የበዛ ትልልቅ ዓሣ ተሰብስቦ ቢያገኙ፣ ሲሳይ ነው ከማለትዎ በፊት ለምን እንደተሰበሰቡ ራስዎን ይጠይቁ።

ኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ድንጋይ መሰል ነገር) ባለበት ውሃ የሚያድኑ ከሆነ ደግሞ በቀቀን ዓሣ የሚባለውን ይለፉት። ይህ ዓሣ በጠንካራ ጥርሱ ከኮራሉ ላይ አልጌ እየጋጠ የሚኖር ስለሆነ፣ እሱ ሲጠፋ አልጌው አዲስ ኮራል የሚበቅልበትን ቦታ ይሸፍነዋል። ቤሊዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንና መሰል አልጌ በል ዓሦችን ማጥመድን የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው። ማታ ድንጋይ ሥር ተጠግቶ ስለሚተኛ መብራት ይዞ ለሚጠልቅ ሰው እጅግ ቀላል ሰለባ ነው። የተኛን ዓሣ መውጋት፣ ልክ በአየር ሲሊንደር እየተነፈሱ እንደ ማደን ሁሉ፣ ዓሣው የነበረውን ጥቂት ዕድል ይወስድበታል፤ በአየር ሲሊንደር ማደን በብዙ አገሮች የታገደውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በትንፋሽ የሚጠልቅ ሰው የሚቆይበት ጊዜና የሚደርስበት ጥልቀት ራሱ ለዓሣው መሸሸጊያ ይሰጠዋል።

ታዲያ ምን ይያዝ? ቶሎ የሚያድጉ፣ ገና በለጋነታቸው የሚራቡና ብዛት ያላቸው ዝርያዎች፣ ከነሱም መካከለኛ መጠን ያላቸው ይመረጡ። ማሂ ማሂ የሚባለው ዓሣ ለምሳሌ ዓመት ሳይሞላው መራባት የሚጀምርና ከጥቂት ዓመታት በላይ የማይኖር ስለሆነ፣ አሥር ዓመት ጠብቆ ወንድ ከሚሆን ግሩፐር ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። መካከለኛ መጠን ያለው ዓሣ ለሰው ጤናም ይመረጣል፤ በሞቃት ባሕሮች የኮራል ዳርቻ ትልልቆቹ አዳኝ ዓሦች፣ ባራኩዳና ትልልቅ ግሩፐር ጭምር፣ ሲጓቴራ የሚባለውን መርዝ በሰውነታቸው ሊያከማቹ ይችላሉ፤ ይህ መርዝ ደግሞ በማብሰልም ሆነ በማቀዝቀዝ አይጠፋም።

መጠንን ስናነሳ አንድ በቅርብ መታየት ያለበት ነገር አለ። በውሃ መነጽር ሲመለከቱ ዓሣው ከእውነተኛ መጠኑ በሲሶ ያህል ገዝፎ፣ ከእውነተኛ ርቀቱም በሩብ ያህል ቀርቦ ይታያል። ማለትም 40 ሴንቲ ሜትር የመሰለዎት ዓሣ በእውነቱ 30 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይችላል። አነስተኛው የተፈቀደ መጠን 35 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በዓይንዎ አምነው ሕግ ጥሰዋል ማለት ነው። በጦሩ ዘንግ ላይ የታወቀ ርዝመት ምልክት ቢያደርጉና ዓሣውን ከዘንጉ ጋር ማስተያየት ቢለማመዱ ብዙ ስሕተት ይቀራል፤ ዓሣው ከጦሩ ጫፍ ርቆ ስለሚገኝ ዘንጉም ሙሉ በሙሉ አይታመንምና አጠራጣሪውን ይተዉት።

አሁን ወደ ቆሰለው ግሩፐር ልመለስ፤ ይህ ነገር ከሐሳብዎ አለመውጣቱን እንደ በጎ ምልክት ነው የማየው። ቆስሎ የጠፋ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታልና ከዕለቱ ቁጥርዎ ላይ መቆጠር አለበት፤ ሁለት ለመያዝ ወጥተው አንድ ቢጠፋብዎት የሚቀርዎት አንድ ብቻ ነው። ይህን ደንብ በራሱ ላይ የጣለ ሰው ሳይወድ በግድ የተሻለ ተኳሽ ይሆናል፤ ምክንያቱም አጠራጣሪ ምት ማዕዱን ያጎድልበታልና። እውነተኛው መከላከያ ግን ያልተተኮሰው ጦር ነው። ዓሣው ዋሻ አፍ ላይ ቆሞ ከሆነና ከተወጋ በኋላ ገብቶ የሚሸጎጥበትን ቦታ መድረስ የማይችሉ ከሆነ አይተኩሱ። ጦሩ የሚደርስበት የመጨረሻ ርቀት ላይ ያለውን፣ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሸሸውን፣ መሣሪያዎና ገመድዎ ሊይዙት ከሚችሉት በላይ የገዘፈውንም እንዲሁ። ምቱ ማረፍ ያለበት ከዓይኑ ወደ ኋላ ባለው የጭንቅላት ክፍል ወይም አከርካሪው ላይ ነው፤ እዚያ የተመታ ዓሣ በቅጽበት መንቀሳቀስ ያቆማል፣ ሆዱ ላይ የተመታው ግን ሥጋውን ቀድዶ ያመልጣል።

በእጅ የገባውንም ሳይውል ሳያድር መጨረስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በትራውት ዓሣ ጭንቅላት ላይ ጉዳትን የሚለዩ የነርቭ ጫፎች መኖራቸውን አረጋግጧል፤ ዓሣ ሥቃይን እንዴት እንደሚያውቀው ሳይንቲስቶች አሁንም ቢከራከሩም፣ የሚጠራጠር ሰው ለዓሣው አድልቶ ቢጠራጠር ይሻላል። ዓሣውን ሕያው እንደሆነ በገመድ ሰክቶ ወገብ ላይ አንጠልጥሎ መዋኘት ብዙዎች የሚያደርጉት ቢሆንም ልክ አይደለም። ጃፓኖች ኢኪ ጂሜ በሚሉት ዘዴ ሹል ብረት ከዓይኑ በስተኋላ ትንሽ ከፍ ብሎ ወዳለው አንጎሉ ገብቶ ዓሣው ወዲያው ይሞታል፤ ከዚያ ደሙ እንዲፈስ ተደርጎ በረዶና ውሃ በተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ ይገባል። ይህ ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የሥጋው ጥራትም ጉዳይ ነው፤ ሲፈራገጥ ቆይቶ የሞተና ፀሐይ ላይ የቆየ ዓሣ ቶሎ ይበላሻል፣ የተበላሸው ደግሞ የሚበላ ሰው አጥቶ ይጣላል። በረዶ ሳይዙ የሚወጡ ከሆነ የሚይዙት ቁጥር ከወትሮውም ማነስ አለበት።

ስለ ትልልቆቹ መርከቦች ጓደኛዎ የሚሉት ከፊል እውነት አለው። ከዓለም ባሕሮች የሚወጣው ዓሣ እጅግ የሚበዛው በንግድ አስጋሪዎች የሚወጣ ነው፤ በጦር የሚያድኑ ሰዎች ድርሻ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ነገር ግን በመረብ የሚጠርገው መርከብ ብዙውን ጊዜ የእናንተ ቡድን የሚጠልቅበትን ድንጋያማ ዳርቻ አይነካም፤ መረቡ ይቀደድበታላ። እዚያ የሚኖሩት ዓሦች ደግሞ ብዙዎቹ ቦታቸውን የማይለቁ ናቸው። ሦስት ሰዎች በየሳምንቱ አንዱን ዳርቻ እየተመላለሱ ትልልቆቹን ቢያነሱ፣ ለውቅያኖሱ ምንም ያልሆነ ቁጥር ለዚያ ዳርቻ ሁሉም ነገር ሊሆን ይችላል። ምልክቱን እርስዎ ራስዎ ማየት ይችላሉ፤ አዘውትረው በሚያድኑበት ቦታ ዓሦቹ ከጦሩ መድረሻ ትንሽ አልፈው ይቆማሉ፣ ማደን በተከለከለበት ጥብቅ ቦታ ደግሞ ያው ዝርያ እጅ እስኪነካው ይቀርባል። በአንድ ቦታ የሚያዩት መጠን ከጊዜ ወደ ጊዜ እያነሰ ከሄደ ያንን ቦታ ለረጅም ጊዜ ማሳረፍ የእናንተ ሥራ ነው እንጂ የመርከቦቹ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የሚሆን አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ። መነሻው የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖሶች የሆነው ላየንፊሽ ወደ ምዕራብ አትላንቲክና ካሪቢያን ገብቶ የአገሬውን ትንንሽ ዓሦች እየበላ ስለተስፋፋ፣ መንጠቆም እምብዛም ስለማይይዘው፣ እዚያ ያሉ የባሕር ጥበቃ አካላት ጠላቂዎች በጦር እንዲያነሱት ያበረታታሉ። መርዛማ እሾሆቹ በጥንቃቄ ከተወገዱ ሥጋው ይበላል። እንዲህ ባለ ቦታ ከማዕድ በላይ ማንሳት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱ ግን የተለየ መሆኑን ማንም ሊዘነጋው አይገባም፤ ይህን ለሌላው ዝርያ ማመካኛ ማድረግም አይቻልም።

አንድ ያልጠየቁኝን ነገር ልጨምር፤ ቁጥር ለመሙላት ሲባል መጥለቅ ሰውንም ይገድላል። በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ግፊት ከውሃው ገጽ ላይ ካለው እጥፍ ስለሆነ፣ ወደ ላይ ሲወጡ ግፊቱ ሲቀንስ በሳንባ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊትም አብሮ ይወድቃል፤ ጠላቂው ምንም ሳይሰማው የውሃው ገጽ አጠገብ ራሱን የሚስተውም ለዚህ ነው። ድካም ሲጨምር፣ አንድ ጊዜ ጠልቀው ዳግመኛ እስኪጠልቁ ያለው ዕረፍት ሲያጥር፣ “አንድ ብቻ ቀርቶናል” ሲባል አደጋው ይበረታል። ከበቂ በኋላ የሚታደነው ዓሣ እንግዲህ ለማንም የማይጠቅም ሆኖ ሳለ የሚጠይቀው ዋጋ ከፍተኛ ነው።

ጓደኞችዎን ስለማነጋገር ጉዳይ፣ ውይይቱን ጀልባ ላይ ወይም ዓሣ እየታየ አያድርጉት፤ ሌላ ቀን ተቀምጣችሁ፣ ማን ምን ያህል እንደሚፈልግና የትኞቹን ዝርያዎች እንደምትተዉ ተነጋገሩ። የተያዘውን ሁሉ ደርድሮ ፎቶ የማንሳት ልማድ ካላችሁ እሱንም ብትተዉት ቁጥሩ በራሱ የሚቀንስ ይመስለኛል። ተከራክረው ያላሳመኗቸው እንደሆነ ግን ተቀይመው ብቻዎን ወደ ውሃ አይግቡ፤ ብቻ መጥለቅ ከሁሉም የከፋ ውሳኔ ነው። ከእነርሱ ጋር ይውጡ፣ የራስዎን ሁለት ዓሣ ይያዙ፣ ከዚያ ጦሩን አራግፈው ላስቲኩን ያላሉና ከላይ ሆነው የሚጠልቀውን ጓደኛዎን ይጠብቁ። አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ከላይ ሆኖ መመልከት አለበት፤ ጠላቂው ከወጣ በኋላም ቢያንስ ለግማሽ ደቂቃ ዓይንን ከእሱ ላይ አለማንሳት ያስፈልጋል፤ ሦስት ሰዎች ሁሉም ቁጥር ለመሙላት ሲሯሯጡ ይህን ሥራ የሚሠራው አይገኝም።